የእሳት ሰዓቷና ቀኝ እጄ

«የሰዓቷ ጫፍ ብቻ ነው የቀለጠውን እርሳስ የነካው እያልሁህ!» አለ አያ ሽብሩ። «ዶሮ ውኃ ስትጠጣ አይተሃል? እንደዚያ አድርገህ ነው ያቆምሃት።»

«ከዚህ በላይ ባጠልቃት መስታወቷ ይፈነዳል።»

«መስታወቷ ያለው ላይ፣ እርሳሱ ያለው ታች። ምን አገናኛቸው?»

«ብትሰበር የሚገረፈው ማን ነው? አንተ ነህ?»

«እኔማ እሷ ሳትመጣም ስገረፍ የኖርሁ ነኝ» አለና ጆሮው ላይ የሰካትን ሰበዝ አውርዶ ድስቱ ውስጥ ነከራት። ሰበዟ ቦግ ብላ ነደደች። «ይኸው፤ ሙቀቱ አልፏል። ወናፉን አቁም።»

መርፌዋ ግን ከቀዩ ምልክት ለመድረስ ገና ሁለት ጣት ይቀራታል። እኔ ያመንሁት መርፌዋን ነው። ወናፉን ከእጁ ነጥቄ ራሴ መንፋት ጀመርሁ።

ይህን ክርክር የተከራከርነው አንኮበር፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በታች በነበረው የአረር ማፍሰሻ ቤት ነው። ንጉሡ ወደ እንጦጦ መመላለስ የጀመሩበት ዘመን ነበር። እርሳሱ ከባሕር በግመል እስከ አልዩ አምባ ይመጣል፤ ከዚያ በአህያ ሽቅብ ወደ እኛ ይወጣል። እኛ አቅልጠን በቅርጽ እያፈሰስን የጠመንጃ አረር እናደርገዋለን። ይህን የምጽፈው እርሳስ ለምታቀልጡ ሁሉ፣ በእርሳስ ብር ለምታጠሩም ጭምር ነው። ጥፋቴን አልደብቅም፤ ጥፋቴን ካልነገርኋችሁ ሕመሜ አይጠቅማችሁም።

የእሳት ሰዓት ያልናትን ዕቃ ያመጣት አንድ ባለ እጅ ፈረንጅ ነው። ክንድ የምታህል የብረት ዘንግ ናት፤ በራሷ ላይ እንደ ሰዓት ክብ ፊትና መርፌ አላት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና፣ ዘንጓ በሞቀች ቁጥር መርፌዋ ወደ ፊት ትገፋለች። ፈረንጁ መርፌዋ የት ስትደርስ እርሳሱ ለማፍሰስ እንደሚበቃ በቀይ ቀለም አሰመረና ወደ ባሕር ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሄደ። እንዴት እንደምትተከል የጠየቀው ሰው የለም። የቤቱ ሹም አዛዡ «ፊደል የቆጠረ ማነው?» ሲል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ደብረ ብርሃን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጬ፣ ሌላው ልጅ ሲማር በጆሮዬ እየለቀምሁ ነው። ግጥምም ያስተማረኝ የለም፤ ከአዝማሪና ከአልቃሽ አፍ ሰርቄ ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አንድ ጌታ ቤት ሁለት ክረምት ተቀምጬ አላውቅም። የእሳት ሰዓቷ ግን ያዘችኝ። ከእኔ በቀር የሚያነባት አልነበረም።

አጭር የብረት መያዣ ክንድ አሠርቼ ከድስቱ ከንፈር ጋር አጣበቅኋት። ክንዱ በማጠሩ ዘንጓ አጋደለች፤ ጫፏ ብቻ ከግራጫው አረፋ በታች ገባ፣ የቀረው ገላዋ ነፋስ ላይ ቀረ። ያልሞቀ ዘንግ ደግሞ መርፌ አይገፋም። ድስቱ ፍም መስሎ ሳለ መርፌዋ «ገና ነው» ትላለች፤ እኛም እንነፋለን። ከድስቱ ከንፈር ላይ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ትቢያ መታየት ጀመረ። ፊቷን ለማንበብ ደግሞ ጭሱ ውስጥ አንገቴን አስግጌ ማጎንበስ ነበረብኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርሁም።

ይህ ብቻ ቢሆን ነፋስ ባወጣልን ነበር። ነገር ግን የንጉሥ አረር ሲቀልጥ ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት ብለን በሩንና መስኮቱን ከበግ ጠጉር በተሠራ ወፍራም የመንዝ ባና ጋረድን። ምክሩን ለአዛዡ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አያ ሽብሩ ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው በሚባልበት አገር ተወልዶ ያረጀ። ባናውን ስንሰቅል ቆሞ ሲያየን ቆየና፣

«ቡዳው እኔ ከሆንሁ ያለሁት ከውስጥ ነው። ባናው ማንን ሊከለክል ነው? ጭሱን?» አለ።

ሳቅን። እኔ ሳቅ አልበቃኝም፤ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ግጥም ገጠምሁበት፦

ሰበዝ ይዞ መጣ፣ እሳት ሊመዝን ነው፤
ሰዓት ባለበት ቤት፣ ሣር ምን ሊሆነን ነው?

እሱ ቅርጹን ይዞ በሩ ሥር ተቀመጠ፣ ባናውን በጀርባው ገፋ አደረገና ነፋሱ በሚገባበት በኩል ሥራውን ቀጠለ። እኔ ወደ ድስቱ ተመለስሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም ነው። መጀመሪያ አፌ ጣፈጠኝ፤ ብር የጎረስሁ ይመስል ምራቄ ሁሉ ጣፋጭ ሆነ። ቀጥሎ ሆዴ እንደ ገመድ ይጠመዘዝ ጀመር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለንና «የባዶ ሆድ ቁርጠት ነው» ብዬ ናቅሁት። ሳምንት ሲያልፍ ሆዴ ደረቀ፤ አራት፣ አምስት ቀን ሜዳ ሳልወጣ እቆያለሁ። ፊቴ አመድ መሰለ።

አንድ ጠዋት አፌን ስጉመጠመጥ ባለቤቴ የሺ ትኩር ብላ አየችኝና በሳቅ ወደቀች።

«ድድህን ማን ነቀሰህ?»

«የምን ንቅሳት?»

«ጥርስህ ሥር ጠቁሯል እኮ። ከእኔ ልትበልጥ ነው? ወይስ አልዩ አምባ ላይ የምታጌጥላት አለች?»

የራሷ ድድ የተነቀሰው በሙሽርነቷ ነው። በውኃ አየሁት፤ ከጥርሴ ሥር እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሳቅ ያበዛችበት ጊዜ ነበር።

እርሳስ ልቀበል ወደ አልዩ አምባ እወርድ ስለነበር መጀመሪያ የተባልሁት «የቆላ ንዳድ ነው» ነው። መድኃኒት ይሰጣል ከተባለ ከአንድ መንገደኛ ፈረንጅ ድንኳን ደጅ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። በጭጋግ ውስጥ ሰላሳ ያህል ሰው ተኮራምቶ ይጠብቃል፤ ማንም የማንንም ሕመም አይጠይቅም፣ ሁሉም የድንኳኑን በር ብቻ ያያል። ዓይኗን የታመመች አንዲት ሴትዮ ስቃትት ሰምታ፣ ማን እንደሆንሁ እንኳ ሳታይ፣ የነጠላዋን እኩሌታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ፈረንጁ እጄን ያዘ፣ ምላሴን አየ፣ መራራ ዱቄት ሰጠኝ። ምላሴን ሲያይ ድዴን አላየም። ዱቄቱ ጆሮዬን አስጮኸው እንጂ ሆዴን አልነካውም።

ቀጥሎ «ኮሶ ነው የሚያሰቃይህ» ተባልሁና ኮሶ ጠጣሁ። በደረቀ አንጀት ላይ ኮሶ ምን እንደሚያደርግ ልነግራችሁ አልችልም፤ የሺ የመገነዣ ክር እስክታስብ ድረስ ነበር። ጠበልም ተጠመቅሁ። በጠበሉ አልቀልድም፤ ለሰባት ቀን ከድስቱ ስለራቅሁ እውነትም ቀለል ብሎኝ ነበር። ዳንሁ ብዬ በስምንተኛው ቀን ወደ ድስቱ ሮጥሁ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ስርቅ ይሻለኛል፣ ስመለስ ይብስብኛል፤ በገዛ ዓይኔ እያየሁት አላየሁትም።

አንድ ሌሊት የሺ ደም ታያት። ጎረቤት ሴቶች መጡ፤ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ሲነጋ ጽንሱ አልነበረም። አባቷ ቄስ ናቸው፤ ከሰላ ድንጋይ መጥተው ሁለታችንንም አዩና «ይህ ቤት ተበልቷል» አሉ። ጥገት ላማችንን ሸጠን ደብተራ ተጠራ።

ደብተራው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከማን ጋር ትውላለህ?»

«ከባለ እጅ ጋር።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ።

በቡዳ የተበላ ሰው የበላውን በራሱ አፍ እስኪጠራ በጢስ ይታጠናል። የዝሆን ፋንድያ አጨሱና በጋቢ ሸፈኑኝ። «ማነው? ተናገር! ማነው የበላህ?» እያሉ አራት ሰዎች ያዙኝ። ሳል አንጀቴን ሊያወጣው ደረሰ። የሚፈልጉትን ስም አውቀዋለሁ፤ ያን ስም ብጠራ ጋቢው እንደሚነሳ አውቃለሁ።

«ሽብሩ» አልሁ።

ጋቢው ተነሳ። አየር ሳብሁ። ሰዎቹ እልል አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ሽብሩ ቤት እሳት የሚያበድር ጎረቤት ጠፋ። ከብቱን ከውኃው ከለከሉት፤ የሣር ክዳኑ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ተኝቼ ነው። እኔም አልዳንሁም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ብርዕ ላነሳ ብል ቀኝ እጄ ከአንጓው ወደቀ። አያመኝም፤ ጣቶቼ ይታጠፋሉ፤ ወደ ላይ ግን አይነሱም። እንደ ታነቀች ዶሮ አንገት ተንጠልጥሎ ቀረ። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸና «አጥንትስ አልተሰበረም» ብሎ ሄደ። ያን ጊዜ ከሞት ይልቅ እጄን ፈራሁ። ሌላ ሀብት የለኝም። ሌሊት እነቃና በግራ እጄ ቀኙን አቅንቼ ይዤው እቆያለሁ፤ ስለቀው ይወድቃል።

አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አያ ሽብሩ መጣ። የሺ በሩ ላይ ቆመች፤ ግባም አላለችው፣ ተመለስም አላለችው።

«ልበላው አልመጣሁም» አላት፣ «በልቼዋለሁ ካላችሁ ምን ተርፎት ልመለስ?»

ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ልጠይቀው ያሰብሁት ይቅርታ አፌ ላይ ደረቀ። እሱም አልጠበቀውም።

«እጅህን ዘርጋ።» ዘረጋሁ፤ ወደቀ። «አፍህን ክፈት።» ከንፈሬን በአውራ ጣቱ ገልብጦ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«አጎቴ ብር ሠሪ ነበር» አለ። «ብር በእርሳስ ሲያጠራ ጭሱን እየሳበ ኖረ። እንዲህ ያለ ድድ ነበረው፤ እጁም እንዲህ ወደቀ። እኛ ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለእናንተ ማን ይነግራችኋል? የምትጠይቁን ስማችንን ብቻ ነው።»

«ቀድሞ ለምን አልነገርኸውም?» አለች የሺ።

«ሰበዟ ስትነድ እያሳየሁት ምን ልንገረው?»

ከዚያ አያ ሽብሩ ዙሪያውን አየና «ልብሱን የት ነው የምታራግፊው?» ሲል ጠየቃት።

«እዚሁ፣ ምድጃው አጠገብ። ሁልጊዜ ማታ። ያ ቢጫው ትቢያ አልለቅ ይለኛል።»

«ነፍሰ ጡር ሆነሽም?»

«ሆኜም።»

አያ ሽብሩ ቀና አላለም። ስለ ተልባና ስለ ወተት ማውራት ጀመረ። የሺ ግን አልሰማችውም። ልብሴ የተሰቀለበትን ችካል ነበር የምታየው።

ሕክምናው ይህ ነበር፤ ቀላል ነውና አትናቁት። ከድስቱ መራቅ፣ ያን ልብስ ማቃጠል፣ ቤቱን በውኃ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አለመጥረግ። ተልባ ለደረቀው አንጀት፣ ወተትና እንቁላል በየቀኑ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሰኔ ጾም ሲገባ የነፍስ አባቴ ወተቱን ሰሙና መጡ።

«ለሕመምተኛ ተፈቅዷል» አሉ፣ «ሕመሙ ግን ስም ይኑረው። ምን ይባላል?»

«እርሳስ።»

«እርሳስ ዕቃ ነው እንጂ ሕመም አይደለም።» ጥቂት አሰቡና «ይሁን፣ ጠጣ። ስሙን እኔ ለእግዚአብሔር አስረዳለሁ» አሉ። በዚያ ዓመት ከሰው የተሰጠኝ ትልቁ ምሕረት ይህ ነው፤ ከአያ ሽብሩ ቀጥሎ።

ወደ ደብረ ብርሃን፣ አባቴ ወደ ተወልኝ ቤት ሄድን። ክረምቱን በሙሉ ተኝቼ አሳለፍሁ። የሺ በየማለዳው እጄን ሰሌዳ ላይ አቅንታ በጨርቅ ታስራለች፣ ማታ ፈትታ በሞቀ ውኃ ታሻለች። በነሐሴ አመልካች ጣቴ ተነሳች። በመስከረም «ሀ» ጻፍሁ፤ ቁራ ጭቃ ላይ የሄደበት ይመስል ነበር፤ ሁለታችንም አለቀስን። ሆዴም በጊዜው ለቀቀኝ። ሙሉ ለሙሉ ግን አልዳንሁም። ዛሬም ቀኑ ሲመሽ ጣቶቼ ይዝላሉ፤ ይህንም ጽሑፍ በቀን ጥቂት መስመር እያልሁ ነው የጨረስሁት።

እርሳስ የምታቀልጡ ሆይ፣ አፋችሁ ሲጣፍጥ አትናቁት። ድድን እዩ። ባናውን አንሱ፤ ክፉ ዓይን ቢኖር እንኳ የጭሱን ያህል አይገድልም። በባዶ ሆድ ድስት ፊት አትቁሙ። የእሳት ሰዓት የሚደርሳችሁ ካላችሁ ደግሞ እንዲህ ትከሉ፦ ክንዷን ከድስቱ ጋር ሳይሆን ራቅ ካለ ምሰሶ ጋር እሰሩ፤ ዘንጓን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ አንገቷ አጥልቁ፤ ጫፏ ከድስቱ ወለል ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ ወለሉን ከነካች የምትነግራችሁ የእሳቱን ነው እንጂ የእርሳሱን አይደለም። ፊቷን ወደ በሩ አዙሩ፣ ከሩቅ አንብቡ። መጀመሪያ ሰበዝ ነክራችሁ ሁለቱን አስተያዩ። ሰበዟ ቡናማ ስትሆን መርፌዋ የት እንዳለች አይታችሁ ምልክት አድርጉ። ዛሬ አንኮበር ያለው ድስት እንዲህ ሆኖ ደጅ ተተክሏል፤ የተከልሁትም እኔ ነኝ። እንዴት እንደ ሄድሁ ልንገራችሁና ላብቃ።

በጥቅምት፣ ውርጩ ገብሱን ሊያቃጥል በደረሰበት ሰሞን፣ አዛዡ ራሱ በበቅሎ መጣ። ጠላ ቀረበለት። ሁለት ጊዜ ተጎነጨና ጀመረ።

«ወልዴ፣ እርሳስ መጥቷል። ያቺን ዕቃ የሚያቆማት ጠፋ። አንዱ ከድስቱ ወለል አስደግፎ ሊያቀልጣት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ና። ትከልና ተመለስ። ለሥራህ ስለሚሰጥህ መሬትም ለጌቶች ነግሬያለሁ።»

የሺ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። «ጌታዬ፣ ተክሎ ሲመለስ የሚያነባት ማነው?»

አዛዡ ጠላውን አየ።

«እጠይቅዎታለሁ። ፊደል የቆጠረ ሌላ አለዎት?»

«እሱ ያስተምራል» አለ አዛዡ።

«በስንት ቀን?»

«ጥቂት ቀን ነው፣ የኔ እመቤት። ወር ቢሆን ነው።»

እውነቱን እንድትሰሙ እፈልጋለሁ። መሬቱን አላሰብሁም። ተኝቼ በከረምሁበት ጊዜ ሁሉ፣ እጄ ሰሌዳ ላይ ታስሮ ጣሪያውን ስመለከት፣ ዘንጓ ምሰሶ ላይ ቀጥ ብላ እስከ አንገቷ ስትጠልቅ ትታየኝ ነበር። የት እንደ ተሳሳትሁ ደርሼበታለሁ። አሁን ትክክል እንደምትናገር አውቃለሁ፤ ስትናገር ማየት ፈለግሁ።

«ደጅ ነው የምተክላት» አልኋት ለየሺ። «ጭሱ አይደርስብኝም።»

«እጅህን ዘርጋ» አለችኝ።

«የሺ፣ እንግዳ ፊት...»

«ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ጊዜው አመሻሽ ነበር። ጣቶቼ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጡ ዝቅ ማለት ጀመሩ። አዛዡ ዓይኑን ወደ በቅሎው መለሰ።

«አምስት ወር አቅንቼዋለሁ» አለች። «ሌላ የማቀናው፣ ልጅም እንኳ፣ አልነበረኝም። ትሄዳለህ?»

ልዋሻት እችል ነበር።

«እሄዳለሁ» አልሁ።

አልጮኸችም። ጋቢዋን ከመደቡ አነሳች፣ እጄን የምታስርበትን ሰሌዳና ጨርቅ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረች።

«ጠዋት ጠዋት በግራ እጅህ ለማሰር ሞክር» አለችኝ። «እኔ አባቴ ዘንድ ነኝ።»

የአዛዡን በቅሎ አልፋ ሄደች ብዬ ነበር፤ ተመልሳ መጣችና፣ ብርዱ እንዳይገባብኝ ይሆናል፣ በሩን ከውጭ ሳብ አድርጋ ዘጋችው።